እግራቸው የተቆረጠ ፊደሎች

ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሆኜ ተመዘገብኩ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጠው ተማሪ የልጄ እኩያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስገባ አብዛኞቹ መምህር መስዬአቸው ብድግ አሉ። እኔም አፍሬ "ተቀመጡ ልጆች፣ እንደናንተው ነኝ" ብዬ የኋላ ወንበር ፈለግሁ።

የኮምፒውተር መምህራችን ትምህርቱን የጀመሩት ከስክሪኑ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ብቅ የሚለውን አርማ፣ ቀጥሎ የሚደረደሩትን ትንንሽ ሥዕሎች፣ በመጨረሻም የፊደል ዓይነቶቹን ረጅም ዝርዝር እያሳዩ "እነዚህን የሠራቸው ማን ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁ። አንዱ ልጅ "ማሽኑ ራሱ" ሲል ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። "እያንዳንዷን ነጥብ ቁጭ ብሎ ያስቀመጠ ሰው አለ" አሉ።

እጄን አወጣሁ። እኔም በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ከተማ፣ ነጥብ ካስቀመጡት ሰዎች አንዷ እንደነበርኩ ተናገርኩ። መምህሩ አዩኝና "እንግዲያው የዚህ ሴሚስተር የጽሑፍ ሥራዎ ተገኘ" አሉኝ። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ። ያየሁትንና የሠራሁትን ብቻ ለመጻፍ ተጠንቅቄአለሁ፤ ያበላሸሁትንም አልዘለልኩም።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። አባቴ የደብር አገልጋይና ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ወጥረው፣ በወስፌ ጫፍ መስመር አስምረው፣ በመቃ ብዕር ሲጽፉ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ አደግሁ። አባቴ ፊደልን መስመር ላይ አያስቀምጡም ነበር። ከላይኛው መስመር ያንጠለጥሉታል። ራሱ መስመሩን ይነካል፣ እግሩ ወደ ታች እንደ ልቡ ይወርዳል። እኔም እጄ የለመደው እንደዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ገልባጭ ሆኜ ነው። አብዮቱ መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሚሰቀሉትን የፊደል ገበታዎች እንድጽፍ ተመደብኩ። ቀጥሎ አንድ ዓመት ደነባ ተልኬ በዘር ጆንያዎች ላይ ምልክት ስቀባ ቆየሁ። የደመወዝና የዕድገቱን ነገር ጡረተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋልና እዘለዋለሁ። ከደነባ ወደ ደብረ ብርሃን ያዛወረኝ ደብዳቤ ግን ሕይወቴን ስለለወጠው ልጠቅሰው ግድ ነው። የተመደብኩት ለገበሬዎች ምርጥ ዘር በሚያከፋፍል አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሑፍና ሥዕል ክፍል ነበር። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማባዣ ማሽንና አንድ ሰው ነበረው። ሰውየው ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ነጋዴ ስለነበር ፊደል መቅረጽ የጀመሩት በልጅነታቸው የጨውና የበርበሬ ጆንያ ላይ የባለቤቱን ስም ለማተም ቆርቆሮ እየቆረጡ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ሰላት ሲደርስ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው ያስቀምጡና ቀለሙን ከጣታቸው አጥበው ይወጣሉ። ሲመለሱ የተዉትን ፊደል እንደ አዲስ ሰው ያዩታል። "አምስት ጊዜ ትቼው ስመለስ አምስት ጊዜ ስህተቱን አገኛለሁ" ይሉኝ ነበር።

የጻፍኩትን ሁሉ ዘቅዝቀው ነበር የሚያዩት። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

"ጋሽ ሰይድ፣ ዘቅዝቀው ይዘውታል እኮ።"

"አውቃለሁ። ቀጥ አድርጌ ካየሁት አነበዋለሁ። ካነበብኩት ደግሞ አላየውም።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ጽሑፍ ሲያልቅ ግቢው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉትና ማንበብ እስኪያቅታቸው ድረስ የኋሊት ይራመዳሉ። ባቃታቸው ቦታ ድንጋይ ያኖራሉ። በማግስቱ የታረመው ጽሑፍ ከድንጋዩ አልፎ ካልተነበበ ይቀደዳል። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ሕግ ግን አንድ ነበር። ጽሑፍ አለቀ የሚባለው ማንበብ በቅርቡ የተማረ ሰው ወረቀት ላይ አይቶ ሲያነበው ነው።

"ቢሮ ያለው ሰውማ ያነበዋል" ብዬ ስከራከር "እሱ ይገምታል ልጄ። ትናንት የተማረ ግን አይገምትም፤ ያለውን ነው የሚያነበው" አሉኝ።

ኮምፒውተሩ የመጣው በደርግ ዘመን ማብቂያ ዓመታት ላይ ነው። ከውጭ በእርዳታ የተገኘ አንድ ማሽን ነበር፤ ስክሪኑ ከዛሬው የስልክ ስክሪን ትንሽ ቢበልጥ ነው። አብሮት የመጣው ኢንጂነር ዳዊት የሚባል፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የሠራው።

"ይህ ማሽን ውጭ አገር ቀዝቃዛ ክፍል ተሠርቶለት ነው የሚቀመጠው" አለን።

ጋሽ ሰይድ መስኮቱን አዩና "እዚህ ከተማው በሙሉ ተሠርቶለታል" አሉ።

ዓላማው ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ገበሬ በስሙ የታተመ የዘር መውሰጃ ካርድ ሊሰጠው ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ዳዊት የኛን ፊደል እንዲያውቅ ሊያስተምረው ፈለገ። ለዚህም ፊደሉን የሚስል ሰው ያስፈልገው ነበር።

ሥራውን እንዲህ ነው የሠራነው። በካሬ ወረቀት ላይ ወደ ጎን አሥራ ስድስት፣ ወደ ታች አሥራ ስድስት ቤት እንቆጥራለን። አንድ ፊደል እዚያች ሜዳ ውስጥ ማለቅ አለበት። ቤቱ ወይ ይጠቁራል ወይ ነጭ ይቀራል፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ዳዊት ጥቁርና ነጩን ወደ ቁጥር እየለወጠ ያስገባል። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን የገበታ ፊደል፣ ከዚያም ዲቃላዎቹን አንድ በአንድ ሳልኩ። "ሀ" ቀላል ናት። "ጨ" ሦስት እግሯ ላይ ቀለበት ሲጨመርባት አንድ ሳምንት አስለቀሰችኝ። ጋሽ ሰይድ ከጀርባዬ ቆመው "ጥቁሩን ተይው፤ ነጩን ሳዪው" ይሉኛል። እግሮቹ መካከል ያለው ነጭ እኩል ካልሆነ ፊደሏ እንደምታነክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ትንንሾቹን ሥዕሎችም ሠራን። የማሽኑ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ስለነበሩና ሠራተኞቹ ስላልተማሩት፣ ዳዊት ሰው ሥዕል እየመረጠ የሚሠራበት ፕሮግራም ጻፈ። ለሥዕል ሠላሳ ሁለት ቤት በሠላሳ ሁለት ተፈቀደልን። ዳዊት ከማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ሞዴል አሳየን። ለማጥፋት የቆሻሻ ቅርጫት ተስሎ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ቅርጫቱን አይተው "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"የማይፈለግ ወረቀት የሚጣልበት።"

"ወረቀት ይጣላል እንዴ? እኛ ዘንድ የማይፈለግ ወረቀት ሱቅ ሄዶ በርበሬ ይጠቀለልበታል።"

ዳዊት ሳቀና ተስማማ። ለማጥፋት ከመሃል የተቀደደ ወረቀት ሳልን። ለማስቀመጥ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን፣ ለፋይል በሲባጎ የታሰረ ጥቅል፣ ለዘር አፉ የተቋጠረ ጆንያ ሆነ። ለእንስሳት በግ ሳልኩ። የመጀመሪያውን ለዘበኛው ባሳየው "ማንቆርቆሪያ ናት" አለኝ። ሁለተኛውንም ማንቆርቆሪያ አለው። በሦስተኛው ቀንዱን በጥቁር መሳል ትቼ በጥቁሩ ራስ ላይ በነጭ ጠምዝዤ ፈለፈልኩት። ዘበኛው ገና ከበሩ "ሙክት!" ብሎ ጮኸ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ስለ አርማው ደግሞ አለቃችን ጓድ ክፍሌ ትእዛዝ ሰጡ። ማሽኑ ሲከፈት መዶሻና ማጭድ፣ ከላዩ ኮከብ፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ፣ ከሥሩ ጥርስ ያለው ጎማ እንዲታይ አሉ። በዚያች ሠላሳ ሁለት ቤት ውስጥ ሁሉንም ከተትኩት። ዳዊት ማሽኑን ሲከፍት አራታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ጓድ ክፍሌ።

እኔም ዳዊትም ጊንጥ መምሰሉን አይተናል።

"ጓድ" አሉ ጋሽ ሰይድ በለሆሳስ፣ "አርማው ትልቅ ነው፤ ቤቱ ጠበበው። ሰው ከሩቅ ሌላ ነገር ብሎ ስም እንዳያወጣለት ኮከቡን ብቻ እናክብረው።"

ጓድ ክፍሌ ስክሪኑን ደግመው አዩ። "ኮከቡ ይበቃል" ብለው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ዳዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እገባለሁ።

የማሳያ ቀን ተቆረጠ። ከአዲስ አበባ ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ካየ በኋላ ማሽኑ ደብረ ብርሃን ይቆይ ወይም ይነሣ ብሎ ይወስናል። በዚህ መሃል ጋሽ ሰይድ ወንድማቸው ሞቶ ለለቅሶ አልዩ አምባ ወረዱ። ወዲያው ቀኑ በአንድ ሳምንት ተቀደመና ጓድ ክፍሌ ክፍላችን ድረስ መጡ።

"ጸዳለ፣ ፊደሉ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?"

የፕሪንተሩ የቀለም ሪባን ገና አልመጣም ነበር። ፊደሎቹን በስክሪን አንድ በአንድ አይተናል እንጂ ወረቀት ላይ አንድ መስመር እንኳ አላተምንም። አዲስ አንባቢም አላነበበውም። ዳዊት አየኝ። እኔ ጓድ ክፍሌን አየሁ። አለቃ ፊት "አልደረሰም" ማለት አልወድም ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

"ደርሷል ጓድ" አልኩ።

ሪባኑ በማሳያው ቀን ጠዋት ከኮሚቴው ጋር በአንድ መኪና መጣ። አዳራሹ በገበሬዎች ሞላ። የመጀመሪያውን ካርድ እንድትቀበል የተመረጠችው ከመዘዞ የመጣች በላይነሽ ዳኜ የምትባል ሴት ነበረች። በዘመቻው ፊደል ቆጥራ፣ ከመንደሯ ሴቶች በአንደኝነት የምስክር ወረቀት የወሰደች ናት። ፕሪንተሩ እየጮኸ ካርዱን አወጣ። ጓድ ክፍሌ ከፍ አድርገው አሳዩና ለእሷ ሰጧት።

"አንብቢው፤ ሰው ይስማ!"

በላይነሽ ካርዱን በሁለት እጇ ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቆመች። እንደገና ጀመረች።

"በ… ለ… ይ…" ቀና አለች። "ይሄ የኔ ስም አይደለም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ስምሽ እኮ ነው! ሰርተፊኬት ወስደሻል አይደለም እንዴ?"

"ወስጃለሁ። ያስተማሩኝን ፊደል አውቃለሁ። ይሄ ግን እኔ አይደለሁም።"

ከኋላ አንድ ወንድ "ሰርተፊኬቱን ለበጓ ነው የሰጧት!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ፕሪንተሩ አጠገብ ነበርኩ። ሁለተኛውን ካርድ አንስቼ አየሁት።

ፊደሎቹ በሙሉ እግራቸው ተቆርጧል። እንደ አባቴ ከላይኛው መስመር አንጠልጥያቸው እግራቸውን እስከ አሥራ ስድስተኛው ረድፍ አውርጄ ነበር። ዳዊት ደግሞ መስመርና መስመር እንዳይነካካ ብሎ በሚያትመው ፕሮግራም ውስጥ የታችኞቹን ሦስት ረድፎች ባዶ አድርጓቸዋል። በእሱ ዓለም ፊደል ከታች ይቀመጣል እንጂ ከላይ አይንጠለጠልምና ሊነግረኝ አላሰበም፤ እኔም ልጠይቀው አላሰብኩም። የፊደላችን ልዩነት ግን ብዙው ያለው እግሩ ላይ ነው። እግሩ ሲቆረጥ "ላ" "ለ" ይሆናል፤ "ዳ" "ደ"፣ "ኜ" "ኘ" ይሆናል። ካርዱ ላይ የታተመው "በለይነሽ ደኘ" ነው። ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ገምቶ በላይነሽ ብሎ አንብቦታል። በላይነሽ ብቻ ያለውን አነበበች።

ያን ጊዜ እጄን አውጥቼ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ልክ ናት" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ካርዱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በላይነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ በሰዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። በሥራ ዘመኔ የማፍርበት ቀን እሱ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁጡ አልነበሩም፤ ዝምተኛ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከስብሰባው በኋላ ክፍላችን መጡ። ዳዊት የሆነውን ሲያስረዳ ሰሙና "ካርዱን በላቲን ፊደል እናትመው፤ ማሽኑም አዲስ አበባ ይሁን" አሉ። ዳዊት ለመናቸው። አራት ሳምንት ሰጡን።

ጋሽ ሰይድ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ካርዱን ዘቅዝቀው አዩትና "ሴትየዋን አግኝተሻታል?" አሉኝ።

"አይ፤ መጀመሪያ ፊደሉን ላርም ብዬ…"

"መጀመሪያ እሷ ናት። ፊደሉ የትም አይሄድም።"

በማግስቱ በጭነት መኪና መዘዞ ሄድን። በላይነሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች። አይታን አልተነሣችም።

"እትዬ በላይነሽ" አልኩ፣ "ፊደሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። ያነበቡት ልክ ነበር። የተሳሳተው ካርዱ ነው።"

እንዝርቷን አቆመች። "አንቺ እዚያው ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ታውቂ ነበር?"

"ካርዱን ሳየው አወቅሁ።"

"ከዚያስ?"

ዓይኔን ወደ ጋሽ ሰይድ መለስኩ። እሳቸውም አላገዙኝም። ወደ በጎቹ ዞረው ቆመው ነበር።

"ባሌ 'ያንን ወረቀት መልሺላቸው' ይለኛል" አለች። "ልጆች ሳልፍ 'በ፣ ለ' ይሉኛል። አንቺ እዚህ መጥተሽ ለብቻዬ ትነግሪኛለሽ። የሳቁት ግን እዚህ የሉም።"

"እነሱ ባሉበት እናገራለሁ።"

"ስትናገሪ እመጣለሁ" አለችና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ግን "ፊደሉንስ ማን ያይላችኋል?" ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሰይድ ዞሩ። "ማየት የሚችል ሰው ፈልገን ነው የመጣነው" አሉ።

ሥራው እንደገና ተጀመረ። ፊደሎቹ አሁን አሥራ ሦስት ረድፍ ብቻ አላቸው፤ ከታች እንዲቀመጡም ሆነ። ሦስት ረድፍ ትንሽ ይመስላል፤ ለሚስል ሰው ግን ከቤቱ አንዱ ክፍል እንደ ፈረሰበት ነው። የእጄን ልማድ መተው ነበረብኝ። ብዕር ቀጭንና ወፍራም እየለዋወጠ ይሄዳል፤ ነጥብ አይሄድም። የ"ባ"ን አጭር እግር ትንሽ ሳሳጥረው አይታይም ነበር፤ እኩሌታው ድረስ ቆረጥኩት። የ"ቤ" ቀለበት መሃል አንድ ነጭ ነጥብ ካልቀረለት ጭቃ ይመስላል፤ ስለዚህ ሌላውን አካል አጥብቤ ለነጩ ቦታ ሰጠሁት። ዳዊት በየቀኑ ያትማል፣ ጋሽ ሰይድ ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ።

በላይነሽ በየገበያው ቀን ሸቀጧን ሸጣ ትመጣለች። ግቢው ውስጥ ቆማ ፊደሎቹን የምትመርጠው በግ እንደምትመርጥ ነው።

"ይቺ ታነክሳለች። ይቺ ሆዷ ተነፍቷል። እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ እናታቸውም አትለያቸው።"

"የትኞቹ ናቸው መንታዎቹ?" ይላል ዳዊት ወረቀቱን ይዞ።

"ማንበብ አትችልም እንዴ አንተ? ያቻትና ያቻት!"

ዳዊት ደስ ብሎት ይጽፋል። በሦስተኛው ሳምንት የቀሩት መንታዎች አራት ነበሩ። በአራተኛው አንድ ብቻ ቀረች፤ "ጪ" ናት። ሰባት ጊዜ ሣልኳት። በሰባተኛው በላይነሽ ድንጋዩ ያለበት ቦታ ቆመች፣ አነበበቻት፣ ከድንጋዩ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ እንደገና አነበበቻት። ጋሽ ሰይድ ድንጋዩን አንስተው እሷ የቆመችበት አኖሩት።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሥራዬ በአጭሩ ልናገር። መንግሥት ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱም ስሙን ለወጠ። ለሚ በምትባል ከተማ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ጡረታ እስክወጣ ቆየሁ። የተሻሉ ማሽኖች፣ የተሻሉ ፊደሎችም መጡ። የኛዎቹን ዛሬ የሚጠቀም የለም፤ አያስከፋኝም። ጋሽ ሰይድ በጡረታቸው አልዩ አምባ ገብተው እዚያው አረፉ። ይህን እዚህ ላይ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ የሚነገር ስላልሆነ ነው። መጨረሻ ላይ መነገር ያለበት የሁለተኛው ማሳያ ቀን ነው።

በዚያ ቀን የኮሚቴው ሰዎች ሲመጡ አንድ የጭነት መኪና ተከትሏቸው ነበር። ግቢው ውስጥ የኋላ በሩን ከፍቶ ቆመ። ማሽኑን ሊጭን የመጣ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ ሁላችንም ግን አወቅን። አዳራሹ ከበፊቱ ይበልጥ ሞልቷል። ባለፈው የሳቁት ሁሉ ሊስቁ መጥተዋል። ጓድ ክፍሌ ከመድረኩ ሥር ያዙኝ።

"እናገራለሁ ያልሽውን ሰምቻለሁ። አያስፈልግም። ካርዱ ይታተም፣ እሷ ታንብብ፣ ይበቃል።"

"ቃል ገብቻለሁ ጓድ።"

"እኔ አለቃሽ አይደለሁም?"

"ነዎት" አልኩ፤ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ያሰብኩት ረጅም ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "ባለፈው እዚህ የታተመውን ፊደል የሣልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "የእግራቸው ጫፍ ተቆርጦ ነበር። ሳይታይ ደርሷል ያልኩትም እኔ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው ካርዱን በትክክል ያነበበች ወይዘሮ በላይነሽ ዳኜ ብቻ ነበረች። አይቼ ዝም አልኩ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይቅርታ ታድርግልኝ።"

ከዚያ ከኋላ የአንድ ሰው ድምፅ፣ ባለፈው ስለ በጓ ያወራው ይመስለኛል፣ "ታዲያ ታንብባ!" አለ፤ ነገር ግን የሳቀ አልነበረም።

ሰብሳቢው ራሳቸው ከመዝገቡ ስሞች እየመረጡ ለዳዊት ሰጡ። ቀላሎቹን አልመረጡም። ፕሪንተሩ ጮኸ። በላይነሽ የመጀመሪያውን አነሣች።

"በላይነሽ ዳኜ። መዘዞ።" ካርዱን ደረቷ ላይ አኖረችው። "ይሄ እኔ ነኝ።"

ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን። ባለቤቱ ስሙን ሲሰማ ካለበት "አቤት!" ይላል። እሷም ትጠብቀዋለች፣ ሰው ካርዱን እየተቀባበለ ያደርስለታል፣ ቀጣዩን ታነሣለች። ወደ ሃያኛው ግድም ያነበበችው ስም "ጫኔ ጪብሳ" የሚል ነበር፤ ሳትቆም አለፈችው። ዳዊት ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠ። ሰብሳቢው አንዱን ካርድ ከእጇ ተቀብለው አዩት፣ አራቁት፣ እንደገና አዩት። ከዚያ ወደ ጓድ ክፍሌ ዞረው "ማሽኑ የሚነሣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ካርዱም በዚሁ ፊደል ይቀጥል" አሉ። ጓድ ክፍሌ መጀመሪያ አጨበጨቡ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አስረዝመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

እስከ ቀትር ድረስ አተምን። ጋሽ ሰይድ ወረቀት ያቀብላሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ በላይነሽ ትጠራለች። ሲያልቅ ወጥተን ግቢው ውስጥ ቆምን። የመኪናው ሹፌር የተከፈተውን ባዶ ጭነት እያየ "እና ባዶዬን ልመለስ ነው?" አለ።

"መንገድህ በየት ነው?" አለችው በላይነሽ።

"በየትም ይሁን፤ ነዳጁ የመንግሥት ነው።"

"እንግዲያው መዘዞ አድርሰን!"

ሰብሳቢው በእሺታ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ሰው ተሯሩጦ መኪናው ላይ ወጣ። በላይነሽን ወንዶቹ እጇን ይዘው ሳቧት፣ ከፊት፣ ከሹፌሩ ጣሪያ ጀርባ አቆሟት። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ካርዶቹ በሁሉም እጅ ላይ ነበሩ። አንዱ የሌላውን ይቀማል፣ ያነባል፣ ይመልሳል። የኔ ነጥቦች፣ ጥቁርና ነጩ፣ እየተንገጫገጩ ሄዱ። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱም ነፋሱ ድምፃቸውን ወደኛ ይመልሰው ነበር፦ የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የሰው ስም፣ የአባት ስም፤ አንዱም ሳይሳሳት።